ከጽዱ ሥር የተቀበረው እብጠት

ማክሰኞ

ናሙናው አልደረሰም። ከጎንደር ሆስፒታል ደውለው የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። ባለፈው ዓርብ ከግራ ጡቴ ያወጡት እብጠት ላብራቶሪ አልገባም። ከሰመመን ሳልነቃ ነርሷ ላብራቶሪ እንዲያደርሱት ለታላቅ ወንድሜ ለአባ ክንፈ ሰጥታቸዋለች፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ፎርማሊን ውስጥ፣ ከነወረቀቱ። አባ ደባርቅ አጠገብ የገጠር ቄስ ናቸው። ስልካቸው ዝግ ነው።

ካንሰር መሆኑ ቀደም ሲል በመርፌ በተወሰደ ናሙና ታውቋል። ያልታወቀው ዓይነቱ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ሴሎቹ ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን ካላቸው በኪኒን ይያዛሉ። ሌላ አንድ ፕሮቲን ከልክ በላይ ካበዙ ግን ቶሎ ጥሰው ወደ ሌላ አካል ይዘምታሉ፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ያለዚያ ምርመራ ማከም በጭፍን ነው አለኝ።

ዳባት ላይ ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። ፕሮቲን ሲባል ምስርና እንቁላል ነበር የማስጽፈው።

ረቡዕ

አባ በስልክ ተገኙ።

«ዕቃውን የት አደረጉት?»

«ቀበርኩት።»

ዓርብ ሲደርሱ ላብራቶሪው ተዘግቷል። ሰኞ ይምጡ ተባሉ። የክርስቲያን ሥጋ ይዞ ሆቴል ማደር ከበዳቸው። ቅዳሜ እኔን ለልጄ ትተው፣ ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ወደ ደብራቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር።

ጮህኩባቸው። አፈርኩ። ከዚያ ጠየቅኩ፦ «ከነጠርሙሱ?»

«ከነጠርሙሱ። የምከፍትበት ልብ ከየት ላምጣ?»

ለሐኪሙ ደወልኩ። «ፎርማሊን ውስጥ ከሆነ አይበሰብስም። ከሰነበተ ግን ፕሮቲኑ ላይታይ ይችላል። ነገ አምጡት።»

ካልታየ እንደገና መቆረጥ ነው። የሚቆረጥ ከተረፈ።

ሐሙስ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ደባርቅ። መንገዱ ስፌቴን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አባ ግቢው በር ላይ ቆመዋል።

«የተቀበረ አይወጣም፣ እህቴ።»

«ፍትሐት አድርሰውበታል?»

«ምን ነካሽ! አንቺ በሕይወት እያለሽ?»

«እንግዲያው አልተቀበረም። አደራ ነው የተቀመጠ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ባዮሎጂ ነው ይህን የሚያስተምር?» አሉና ዶማ ሊያመጡ ሄዱ። ማንንም አላስጠጉም፤ ራሳቸው ቆፈሩ።

ጠርሙሱ አልተሰነጠቀም። ፈሳሹ አልጎደለም። እብጠቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ የእንቁላል አስኳል ያክላል። ለዚህ ነው ይህ ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎንደር አደረስነው። አባ የላብራቶሪው ሠራተኛ እስኪፈርም ከመስኮቱ አልተነሡም።

ዓርብ

ሐኪሙ ደወለ። ሥጋው ደህና ነው። የፕሮቲኑ ምርመራ ገና ነው፤ በቀለም ነው የሚሠሩት። የሆርሞኑ ፕሮቲን ካለና ካልደበዘዘ ሴሉ ቡናማ ይሆናል። ጊዜ ይወስዳል አለኝ።

አባ ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

«ያዘ ቀለሙ?»

«ገና ነው።»

«ሲጨርሱ የተረፈውን ይመልሱልን ይሆን? ጉድጓዱን አልደፈንኩትም።»

እጠይቃለሁ አልኳቸው። መጀመሪያ ግን ቀለሙ ይያዝ።