ፎርማት አይደረግም

ሰኞ

ሰዒድ፣ እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት። መብራቱ ነው። ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሲመለስ ከኮምፒውተርህ ሆድ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። መቀመጫህ ላይ እንኳ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነበር የምጽፈው። መቼም አታምነኝም። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው።

ከለቅሶህ በኋላ የጽሕፈት ሱቅህን ገና ዛሬ መክፈታችን ነበር። የአንድ ሰው የኪራይ ውል ግማሽ ላይ ቀረ። ሰውየው እየተነጫነጨ ሄደ። አባዬ ደግሞ "ምን ነካው?" እያለ ይጠይቀኛል፣ ሐኪሙ እኔ ይመስል።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኛህ ሙክታር ጋ ወሰድኩት፣ ሲኒማ ራስ ጋ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኞች ፎቅ ላይ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። አንድ ኩሊ "ልያዝልህ ወንድሜ፣ ይወድቅብሃል" እያለ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። አልሰጠሁትም።

ሙክታር ከፈተው፣ አሸተተው። "ማዘርቦርዱ አልቆለታል። የዚህ ዓይነት አሁን አይገኝም። ሌላ እገጥምለታለሁ፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ እጭናለሁ፣ ነገ ትወስደዋለህ።"

"ፎርማት አይደረግም" አልኩት።

"ፋይሉ ዲ ድራይቭ ላይ አይደል? እኔ የማጠፋው ሲን ነው።"

እዚያ ፎቅ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስበው። ሲ የዊንዶውስ፣ ዲ የባለቤቱ ተብሎ አዋጅ የወጣ ይመስል። አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ዴስክቶፕ ላይ ትደረድራለህ፤ ዴስክቶፑ ያለው ሲ ላይ ነው! ይህን ስነግረው ሳቀ። "በቃ፣ መጀመሪያ ገልብጬ አወጣልሃለሁ፣ ከዚያ ፎርማት።"

የምፈልገው ፋይሉን ብቻ አይደለም። አንተ እንደተውከው እንዲከፈት ነው የምፈልገው። ስምህ መጥቶ፣ ከጎኑ ያቺ የቢጫ ዳክዬ ሥዕል፣ ከዚያ ማንም የማይገባው ያ ዝብርቅርቅ አደራደርህ። ይህ ለሙክታር እንዴት ይነገራል? "የአማርኛ ፊደሎቹ ይጠፋሉ" አልኩት። ግማሹ እውነት ነው።

ረቡዕ

ዛሬ የሰማሁት ምክር፦

አባዬ፦ "ሙክታር ያለህን አድርግ። አከራዩ ሱቁ እስከ ሰኞ ካልተከፈተ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏል።"

እትዬ ብርቄ፣ ከጎናችን ፕላስቲክ የሚሸጡት፦ "ምን ያጨቃጭቃችኋል? አዲስ አትገዙም?"

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፦ "ቫይረስ ነው።" ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል እያልኩት! "አዎ፣ ቫይረስ ያቃጥላል።"

ሙክታር አዲሱን ቦርድ ገጥሞ አበራው። የዊንዶውስ ምልክት ሲመጣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ከዚያ ሰማያዊ ገጽ ብልጭ አለና ጠፋ። እንደገና አበራው፣ እንደገና ሰማያዊ።

"አየህ? አሮጌው ዊንዶውስ አዲሱን ቦርድ አያውቀውም። ተሳስቶ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ደነገጠ። ፎርማት!"

ሁለተኛ ይህን ቃል መስማት አልፈልግም።

ሐሙስ

የኮምፒውተር አስተማሪያችንን፣ ቲቸር ሄለንን ጠየቅኋቸው። ሳይጠፋ በላዩ ላይ መጠገን ይቻላል አሉኝ። የዊንዶውስ ሲዲው ሲነሳ መጀመሪያ "ልጠግን?" ብሎ ሲጠይቅ ማለፍ፣ ሁለተኛ ሲጠይቅ እሺ ማለት። ግን ሲዲው መጀመሪያ የተጫነበት ዓይነት መሆን አለበት። ደግሞ ከሁሉ በፊት ፋይሉን መገልበጥ።

"የማን ነው ኮምፒውተሩ?"

"የወንድሜ።"

"ታዲያ ለምን ራሱ አይመጣም?"

"ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳቸው።

ሱቅ ሄጄ መሳቢያህን ከፈትኩ። ሲዲዎችህ ላይ የጻፍከው እንዲህ ይላል፦ "አዲሱ"። "አዲሱ 2"። "ዋናው"። "ዋናው ዋናው"። ሰው እንዲህ ይጽፋል ሰዒድ? ምን ችግር ነበረው ምን እንደሆነ ብትጽፍበት? ሁሉንም በፌስታል ያዝኳቸው።

ዓርብ

ቲቸር ያሉትን ስነግረው ሙክታር ፌስታሉን ወደ ጎን ገፍቶ የራሱን ሲዲ ከተተ። "ጥገና ካልክ ይኸውልህ ጥገና" ብሎ ለጁምዓ ሮጠ። እኔ ትቼው አልሄድም ብዬ ቀረሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ቲቸር ያሉትን ጥያቄ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ለካ ያ ሲዲ ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ምንም አይጠይቅም። ሲ ድራይቭ ሊጠፋ ነው የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣና የሰከንዱ ቁጥር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። የትኛውን ቁልፍ ልጫን? ሶኬቱን ነቀልኩት።

ሙክታር ተመልሶ ሲያይ ጮኸ። "አብደሃል? ኮምፒውተር እንዲህ ይነቀላል? ዲስኩ ቢበላሽስ?"

"አንተ ልታጠፋው ነበር!"

"ይጠይቃል ብዬ ነዋ!"

"አይጠይቅም!"

ከወዲያ ጠረጴዛ አንዱ ጠጋኝ "አሁን ይሄ ከሰላት የመጣ ሰው ነው?" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። "የፊደል ጉዳይ አይደለም! እሱ እንደተወው እንዲከፈት ነው የምፈልገው!" አልኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። አሳፋሪ ነበር።

ሙክታር ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ "ይህን ማክሰኞ አትለኝም ነበር?" አለ። ዲስክህን ነቅሎ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ዴስክቶፕህን በሙሉ ገለበጠልኝ።

ቅዳሜ

"ዋናው" እምቢ አለ። "ዋናው ዋናው" ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ ልክ ቲቸር እንዳሉት። ሁለተኛው ላይ እሺ አልነው። መሐል ላይ የሲዲውን ቁጥር ሲጠይቅ ደነገጥኩ፤ ሙክታር ግን ፎቁ ላይ ያለ ጠጋኝ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ያንን ረጅም ቁጥር ሳያይ መታው። ሊያልቅ አልቻለም። ሳምቡሳ በላን። አሁንም አላለቀም።

ከዚያ ስምህ መጣ።

"ይቺ ዳክዬ!" አለ ሙክታር፣ ሳቀና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ኮምፒውተሩ ድምፅ የለውም፣ ስክሪኑም ትንሽ ተለጥጧል። ሙክታር ላስተካክለው አለ። ሌላ ጊዜ አልኩት።

ሰኞ

በዚህ ሳምንት የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። አባዬ ጭድ ተራ ወዳለው ሥራው ስለሄደ ጠዋት ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። አከራዩ በበሩ አልፎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ።

መጀመሪያ የመጡት ስለ ውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። ከአንተ ነገሮች መሐል የእኔን መጨመር አልፈለግኩም። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

"የአባቴን ስም አበላሽተኸዋል። አስተካክልና ስጠኝ።"

"እንደገና መጻፍ አለብኝ ጋሼ። አላስቀመጥኩትም።"

"አላስቀመጥኩትም? ወንድምህ እኮ የአምናውን ሁሉ ያወጣልኝ ነበር!"

ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ አናደዱኝ። ሲያልቅ ዴስክቶፕህ ላይ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩ ራሱ ከመጨረሻው ፋይልህ ሥር ባዶ ቦታ ፈልጎ አኖረው።

"አሁንስ አስቀመጥከው?"

"አስቀምጫለሁ ጋሼ።"

ሲወጡ ልሰርዘው ማውሱን ያዝኩ። ትንሽ አየሁትና ተውኩት።