ለጥሩዬ፣ ስለ አምባዛዎችሽ

ጥሩዬ፣ ዓለሜ፤

ከላሊበላ እስከ ኮን እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ኮን ድረስ ሄጄ አላጣራሁም። ከማታ ትምህርታችን ግን የሚቀድመኝ የለም፤ ከፊት ከሚቀመጡት ሁለት ሴቶች በቀር። አንቺ ሳለሽ በአውራ ጣቴ የምፈርም በቅሎ ጎታች ነበርኩ። ዛሬ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ። ነገም በንባብ ክፍላችን ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ ይሰማሉ።

አስተማሪያችን ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብሎናል። አንቺን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ጨነቀኝ። እንግዲያው የእኔን ልንገርሽ። ደህና ነኝ፤ ሽሮው ግን አሁንም ያርርብኛል። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርሽን በማያሳፍር ወግ አውጥቻለሁ። የሚቀመጥባት ጎብኚ ጠፍቶ ቆማ ስትበላ በቅሎዋን ሸጥኳት። ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ ከደንኩት። አልጋችንም ወደ በሩ ተጠግቷል፤ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ሙቅ ቦታ የመስታወት ሳጥንሽ ይዞታልና።

ነገ ለሚሰሙኝ ስል ከሥሩ ልጀምር። ሆቴሉ ውስጥ ክፍል ታጸጂ በነበረ ጊዜ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ያን ሳጥን ከነውሃው ትቶልሽ ሄደ። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ አራት ጥቋቁር ዓሣዎች ነበሩ። የአምባዛ ዘር ናቸው፤ አፋቸው ከሥር ነው፤ ድንጋይና መስታወት ላይ ተለጥፈው ዋቅላሚ የሚሉትን ያን አረንጓዴ ዝልግልግ ሲልሱ ይውላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መቼ ትጠብሻቸው እንደሆነ ይጠባበቅ ነበር። አንቺ ግን አረባሻቸው። አንድ በሬ የሌለን ሰዎች መንጋ ያዝን።

ያንን እጅሽን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ከምንጩ ድንጋይ ትለቅሚና በሳፋ ውሃ ደጅ ፀሐይ ላይ ታኖሪዋለሽ። አረንጓዴ ሲለብስ ታስገቢዋለሽ፣ የተጋጠውን ታወጪዋለሽ። ሰው ማሳውን ያሳርፋል፤ አንቺ ድንጋይ ታሳርፊ ነበር። አየር እንዲያገኙ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ ታፈሺዋለሽ። ሲመሽ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ አፉን ወትፈሽ ከመሀላቸው ታቆሚዋለሽ፤ የላስታን ብርድ ታውቂዋለሽና። ፈረንጁ ይህን ሁሉ አላስተማረሽም። እጅሽን ነክረሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ «በርዷል» ካልሽ በርዷል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዋሻው ነው። ወንዱ፣ ያ አፍንጫው ላይ ጢም ያወጣው፣ ጥግ ጥጉን ሲፈልግ አይተሽ ከቀዩ ድንጋያችን ጡብ የሚያህል አምጥተሽ በመሮ ፈለፈልሽለት። እኔም ለሰው ሁሉ፣ አሥራ አንዱን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ማንም ያውቃል፣ አሥራ ሁለተኛውን የፈለፈለችው ሚስቴ ናት ስል እማሆይ ጎረቤታችን ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። በሰኔ የመጀመሪያውን ዝናብ በገንቦ አጠራቅመሽ፣ ክረምት የገባ እንዲመስላቸው ከነቅዝቃዜው ጥቂት ጥቂት ጨመርሽበት። ጢማሙ ከሴቷ ጋር ዋሻው ገባ፤ እሷ ወጣች፣ እሱ ቀረ። ምስር ክክ የመሰለ እንቁላል ላይ ተቀምጦ፣ እህል ሳይቀምስ በክንፉ ሲያራግብ ሰነበተ። አንቺም ወደ እኔ ዞረሽ እንዲህ አልሽኝ፦

«አየህ፣ ሳይበላ ሳያወራ ልጅ ያሳድጋል። አንተ ሁለቱም አይሆንልህም።»

ልጅ ላልታቀፈ ቤት ከባድ ቀልድ ነበር። አብረን ሳቅን።

ከዚያ ታመምሽ። በመጨረሻው ቀን እማሆይ ከራስጌሽ፣ እኔ ከግርጌሽ ሆነን፣ ዓሣዎቼን አደራ፣ አንተው አሳድጋቸው አልሽኝ። ኀዘኑ እንዳለፈ ሊቀመንበሩ መጡ። የንባብ ክፍሉ መስኮት ባዶ ነውና መስታወትህን ለሕዝብ ስጥ አሉኝ፤ ዓሣዎቹን ባልዲም ይይዛቸዋል አሉ። የሟች አደራ ነው አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ወጡ፤ የሟች አደራ ላይ ምን ይባላል? መስኮቱ እስከ ዛሬ በጆንያ ተሸፍኗል። ነፋሱ ጣቴን እያደነዘዘኝ ነው ፊደል የቆጠርኩት።

ዓሣዎቹ ግን አንቺን ካጡ ወዲህ አልወለዱም። አንዱ ሞተ፣ ሌላውም ተከተለ። ዘርሽ በእጄ ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ። ዘንድሮ ሰኔ እንደገባ ገንቦሽን ደጅ አቆምኩ፤ እንዳየሁሽ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። ጢማሙ ዋሻው ገባና አልወጣ አለ። ድንጋዩን ገልብጬ ልየው ብዬ እጄን ስሰድ ቀልድሽ ትዝ አለኝና መለስኩት። ጠርሙሱን ከመለወጥ በቀር አልነካሁትም። እየቆየ እየቆየ አንድ ማለዳ መስታወቱ ላይ የኑግ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች ተለጥፈው አየሁ። ጠጋ ብዬ ባይ ዓይን አላቸው።

እማሆይን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ኋላም ትክ ብለው እያዩኝ፣

«አደራህን ተወጣህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር፤ ግን አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬበታለሁ። አደራ አላልሽኝም፣ ጥሩዬ። ያልሽኝ፣ «ዓሣዎቹን ለእማሆይ ስጥልኝ፤ አንተ ወሬ ስትይዝ ውሃው ይበርድባቸዋል» ነው። እማሆይ ሰምተው ነበር፤ ለማንም አልተነፈሱም። ከቀብርሽ ስመለስ በቤቱ ውስጥ እጅሽ የነካው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ያ ሳጥን ብቻ ነበር። መስጠት አቃተኝ። ሊቀመንበራችን ነገ ይህን ሲሰሙ ይስሙ፤ መስታወቱን ግን እንግዲህ አይወስዱትም፤ ልጆች አሉበት።

እኔ እስካለሁ፣ ጠርሙሱን በለወጥኩ፣ ድንጋዩን ባሳረፍኩ ቁጥር ከአጠገቤ ነሽ። ወሬውን እንደሆነ አልተውኩም፤ ይኸው በወረቀትም ጀምሬዋለሁ። ውሃው ግን አልበረደም።

ባልሽ