አቶ ለከርሞ ተራራ ሊወጣ ነው

ጥር 6
የጥርስ ሐኪሙን የእንግዳ ማረፊያ ሶፋ ጠግኜ ጨረስኩ። ከስፖንጁ ሥር ሦስት እስክሪብቶ፣ አንድ ጉትቻና ጥርስ የሚመስል ነገር አገኘሁ… ከረሜላ ነው ብዬ ጣልኩት። ከረሜላ ይሁን።

ማጣበቂያ ፍለጋ የቁም ሳጥኑን በር ስከፍት ያቺ ወረቀት። ሚስቴ በውስጥ በኩል የለጠፈቻት። ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ… በየአዳራሹ ቲያትር፣ ዘፋኝ፣ ቀልደኛ። «መድረኳ የማይዘጋ ከተማ» ይላል። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። በየዓመቱ «መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኛለች። «ለከርሞ» እላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ በኋላ ስሜን ትታ «አቶ ለከርሞ፣ እራት ቀርቧል» ትለኝ ጀመር። እስቅ ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አሁን ማን ይጥራኝ?

ነገ እደውላለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 7
ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ጸለይኩ። ለስልክ! እግዚአብሔር የኔን ስልክ ሲያገናኝ ይዋል?

ትኬት ቆራጯ ልጅ ምላሷ ፈጣን ነው። «አቤት አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»
«የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለውን… ጥር አሥራ ስምንትን፣ እንመጣለን።»
«ማደሪያም ይያዝልዎት?»
«ይያዝልን።»
«እሺ፣ ተመዝግቧል።»

ኩራቴን ማን ይቻለው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቃተኝን በሁለት ደቂቃ። ከዚያ መልእክት መጣ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፦ ስድስተኛ ረድፍ፣ ወንበር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት። ለባልና ሚስት አንድ ክፍል፣ ሰፊ አልጋ።

ምን ብያት ነው? አስታወስኩ… እንመጣለን። ይያዝልን። ከተጋባን ጀምሮ አፌ «እኔ» ማለት ረስቷል። «በልተናል»፣ «ደህና ነን»። አንዴ እግሬን ሚስማር ሲወጋኝ «ወጋን» ብዬ ሐኪሙን አስቄዋለሁ። እሷ ሄደች፤ «ን»ዋ ምላሴ ላይ ቀረች።

መልሼ ደወልኩ።
«የተቆረጠ ትኬት አይመለስም አባባ። ምነው፣ እማማን አልተመቻቸውም?»
«አይመቻትም» አልኩ። ዋሸሁ? … አይ። እውነትም አይመቻትም።

ጥር 9
ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ «እኔን ውሰደኛ!» አለ። «አልጋው ሰፊ ከሆነ ምን ቸገረን? ብቻ አንኮራፋለሁ፣ ኋላ አልነገረኝም እንዳትል።» ደንበኞቹ ሳቁ። ምላጭ ባይኖር መልስ ነበረኝ።

ልጄ ደግሞ በስልክ፦ «አባዬ፣ አክስቴን ለምን አትጠይቃትም?»
«ማንን?»
«አባዬ!»
«መስመሩ ይቆራረጣል…»
መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

ጥር 10
እስክሪብቶ ሳነሳ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ለማን ብዬ ነው የምደብቀው? እኔው ጽፌ እኔው ላነበው!

የሚስቴ ታላቅ እህት የቀብሩ ዕለት «አንዲት ተራራ አውጥቶ ማሳየት አቃተህ» አለችኝ። ሐዘን ነው ያናገራት። እኔስ? «ያን ያህል ካዘንሽላት አንቺ አትወስጃትም ነበር?» አልኩ። በዚያ ቀን! በሰው ፊት! ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ግን ለምን አልወሰድኳትም? መጀመሪያ «ሥራ በዛብኝ» ነበር። እሱ ሲሰለች «ዘፈንና ቀልድ ለአማኝ ሰው አይሆንም» አልኩ። እሷ ከእኔ ይበልጥ ትጸልይ የለ? እውነቱ… ቀልደኞቹ ከተመልካቹ መሀል ሰው እየመረጡ ያስቁበታል ሲባል ሰምቼ ነው። እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ፣ እግዚአብሔርን ሰበብ አደረግሁት። እሱን ዛሬ ተንበርክኬ ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ። የቀረችኝ እህቷ ናት። ከእሱ ይልቅ እሷን እፈራለሁ።

ጥር 12
እህቷ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ሦስት ጊዜ በደጇ አለፍኩ። በአራተኛው ገባሁ።

«ምን ልስጥዎት?» አለችኝ።

ልስጥዎት! ስንጋባ «አንተ ረጅሙ፣ እህቴን አደራ» ያለችኝ ሴት አንቱ አለችኝ። አክብሮት እንዲህ እንደሚያቆስል አላውቅም ነበር።

«ደብተር» አልኩ።
«ባለ ስንት?»
«ባለ… መቶ ቅጠል።»

ሰጠችኝ። ወጣሁ። ጀግናው! ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰ።

ጥር 13
ደብተር።

ጥር 14
ዛሬም ደብተር ስል መነጽሯን አወለቀች። «በሦስት ቀን ሦስት ደብተር። ትምህርት ጀመሩ እንዴ?»

«እትዬ፣ ያን ዕለት የተናገርኩት… ጥፋቴ ነው። ይቅር በይኝ።» ሌሊቱን ያጠናሁት ረጅም ንግግር ነበረ፤ ጠፋኝ። በምትኩ ስለ «ን»ዋ ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ወንበርና ስለ ቅዳሜ ጠዋቱ አውቶቡስ። ስለ ሰፊው አልጋም አመለጠኝ።

«ምን? የምን አልጋ?»
«ሁለት ክፍል አስደርጌዋለሁ! ማለቴ… አስደርገዋለሁ!»

ጀርባዋን ሰጥታኝ መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ልቅሶ ይሁን ሳቅ…

«ቅዳሜ ሱቅ አልዘጋም» አለች፣ ሳትዞር።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ደብተሩን እዚያው ረሳሁት።

ጥር 15
ክፍሉን ለማንኛውም ሁለት አስደረግሁ። ምን ይታወቃል?

ጥር 17
ሻንጣ። ሁለት ሸሚዝ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ካልሲ፣ መዶሻ። መዶሻ ለምን? እንጃ። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት።

አሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ኮቴን አስቀምጣለሁ።

ጥር 19
ከተራራው ላይ ነው የምጽፈው።

ትናንት አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣለች፣ ጃንጥላዋን ታቅፋ። «ሱቁን ጎረቤቴ ይዞልኛል። ይቀመጡ እንጂ፣ መንገድ ዘጉ።» አሁንም አንቱ። መንገዱን ሁሉ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበሬ ላይ አረፍ ስል ሲጥ አለ። ሞላው ለቋል! እጄ ዝም ይላል? መብራቱ ሲጠፋ ጎንበስ ብዬ ሥሩን ዳበስኩ። ጨርቁን በማጣበቂያ ብቻ ነው የያዙት፤ አንድ ሚስማር የለም፤ ነውር አይደለም? ድንገት ብርሃን ፊቴ ላይ ቦግ አለ።

«ስድስተኛ ረድፍ ያሉት አባት! ምን ጠፋብዎት?» ቀልደኛው ነው። የፈራሁት ደረሰ።
«ሞላው… ለቋል» አልኩ።
«የወንበሩ ነው የርስዎ?»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እህቷ እንባዋ እየወረደ ኮቴን ጎተት አደረገችው፦ «ኧረ ተወው አንተ ሰው! ተቀመጥ!»

ተወው። ተቀመጥ። ከሳቁ ሁሉ መሀል ይቺን ሰማሁ።

መሬት አልዋጠችኝም። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ይሄን ነው የፈራሁት? ለዚህ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት… ሳቁ መልኩን ሊቀይርብኝ ሲል መሀረብ አቀበለችኝ። ለራሷም ሌላ ይዛ ኖሯል።

ዛሬ ጠዋት ጸሎቴ አጭር ነበረ። አመሰግናለሁ ብዬ፣ ለሚስቴም ወንበሩ መጥፎ መሆኑን ነገርኳት።

ስንወጣ ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ «ለከርሞም ይምጡ አባባ» አለች።
«ከርሞን ተዪውና ቀን ጥሪልኝ።»
ሳቀች። «መጋቢት ስምንት አለ። ስንት ሰው ልበል?»

ዞር አልኩ። እህቷ ዝናብ በሌለበት ጃንጥላዋን ለመዘርጋት ትታገላለች። «አንተ! ና ይሄን ነገር ጠግንልኝ እስቲ!»

«እንመጣለን» አልኩ። ይቺኛዋን «ን» አውቄ ነው ያልኳት። «ሦስት ሰው በይ፤ ልጄም አለች። መዶሻም ይዘን።»