የእማማ አዲና ጩኸት በደረቁ ወንዝ ዳር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኤልሪክ፤ ባሕር ቢለየንም ከልቤ ለማትጠፋው። እንዴት ነህልኝ? የእንግሊዝ አገሩ የሃይ ዊኮም ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ደልሲስ እንዴት ናት? ልጆቹ አደጉልህ? እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት ሆነብኝ።

ተራራችን መፈንዳቱን በሬዲዮ ሳትሰማ አትቀርም። ሬዲዮው ያልነገረህን እኔ ልንገርህ። የስቅለት ዕለት ማለዳ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን እየተኮስኩ ሳለ መሬቱ ከእግሬ ሥር አጉረመረመ። ወጥቼ ቀና ስል ከሱፍሪዬር አናት ጥቁር ጭስ እየተጠቀለለ ሰማዩን ሸፍኖታል። ጥቂት ቆይቶ አመድ ይዘንብ ጀመር። ቀኑ ስለጨለመባቸው ዶሮዎቹ ተመልሰው ቆጥ ላይ ወጡ። ያ የዳቦ ፍሬ ዛፋችን ቅርንጫፉ አመዱ ከብዶት ተገነጠለና የማድቤቱን ጣሪያ ይዞት ወረደ።

እማማ አዲና፣ የአባባ አክስት፣ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከደጃፏ ርቃ አታውቅም። በ1902ቱ ፍንዳታ እናትና አባቷን ያጣች ናትና አባባ አዝሏት ሲወጣ «አውርደኝ አንተ! እኔና ተራራው እንተዋወቃለን!» ብላ ጀርባውን ደበደበችው። አባባም «ከተዋወቃችሁ ሌላ ቀን ትጫወታላችሁ፤ አሁን አንገቴን አጥብቀሽ ያዢ» አላት።

ቦይሲ ኮኮናት የሚጭንበትን መኪና አምጥቶ መንደራችን ሳንዲ ቤይ የቀረነውን ሁሉ ጫነን። መቼም ደረቁን ወንዝ ሳይሻገሩ ወደ ደቡብ መውጫ የለም። ስንደርስ የመኪናው መብራት ከአመዱ የተነሳ ከአፍንጫው አያልፍም ነበር፤ የሚታየን ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው። ቦይሲ «ኢየሱስ እያላችሁ ያዙ!» ብሎ ሊገባ ሲል እማማ አዲና ከአባባ ጭን ላይ ቀና ብላ «ዱና! ዱና!» ብላ ጮኸች። ሁሉም አሮጊቷ ቃዠች አለ። አንዱማ «ዱና ደግሞ ማናት? የድሮ ጓደኛዋ ትሆን?» ብሎ ሳቀ።

አባባ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም መለሰችለት። ኤልሪክ፣ አባታችን! ሌላ ቋንቋ ይችላል ቢሉኝ «ሂዱ ወዲያ» እል የነበርኩት፣ የገዛ አባታችን! ወዲያው የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ እየደበደበ «አቁም! 'ውሃ! ውሃ!' ነው የምትለው፤ እየመጣ ነው! ወደኋላ!» አለ። ቦይሲ እየተሳደበ ወደኋላ መለሰው። ከዚያ እኛም ሰማነው። የፈላ ጭቃ ቋጥኝ እያንከባለለ፣ የዛፍ ግንድ እየነዳ በፊታችን አለፈ። እንፋሎቱ ፊታችንን ለበለበን። የሳቀው ሰውዬ የእማማን እግር ይዞ ያለቅስ ነበር።

ጎርፉ ጎድሎ ተሻገርን፤ ኪንግስታውን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አስጠለሉን። ምግብ ተሰልፈን ሳለ አንዲት የከተማ ሴት «ካሪቦቹም መጡ፤ ማንኪያ ደብቁ» አለች። ድሮ «ካሪብ» ብለው ሲሰድቡን አባባ «አይደለንም በሉ» ይለን አልነበር? ያን ቀን ግን ከሰልፉ ወጥቶ «ነን!» አላት። «ይህ አገር የእኛ ነበር። እንግሊዝ ወገናችንን ውሃ የሌለው ደሴት ላይ አጉሮ ፈጀው፤ የተረፈውን በመርከብ ጭኖ ሆንዱራስ ጣለው። እኛ ጫካ ተደብቀው የቀሩት ሰዎች ልጆች ነን። ማንኪያሽን እዚያው ያዢው፤ እጅ አለን።» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ አፍራ ሄደች፤ በኋላ ለእማማ አዲና ሾርባ ይዛ መጣች።

እማማ አዲና ግን አመዱ ደረቷን ይዟት ኖሮ በፋሲካ ማግስት አረፈች። ሲቀብራት አባባ በዚያ ቋንቋ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሲጨርስ እንደ ለመደው መልስ ጠበቀ መሰለኝ፣ ወደ መቃብሩ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። የሚመልስለት ማን አለ?

ማታ ቋንቋውን ለምን እንደደበቀን ጠየቅሁት። በልጅነቱ አስተማሪው ያንን የካሪቦች ቋንቋ ሲናገር ሰምቶት አፉን በሳሙና አጥቦታል፤ እናቱም ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንዳይናገረው ከለከለችው። ከአክስቱ ጋር ማሳ ላይ ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ ያወሩት ነበር። ቀጥሎ «ኤልሪክን ሕፃን ሳለ ማን እለው ነበር?» አለኝ። «ኒራሁ» አልኩት፤ እኔ ባልደርስበትም ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ትዝ ይልሃል? ማባበያ እንጂ ትርጉም ያለው አልመሰለንም፤ የሰፈሩ ልጆች እየጠሩህ ሲያሾፉብህ «ሁለተኛ እንዳትለኝ» ብለህ አባባን ተቆጣኸው፤ እሱም ተወ። አባባ «'ልጄ' ማለት ነው» አለኝ። እኔ ስወለድ አንተ ከልክለኸው ነበርና አንድም ቀን እንደዚያ ጠርቶኝ አያውቅም። አልወቅስህም፤ አንተም ልጅ ነበርክ። ግን እንባዬ አልቆም አለኝ።

እንግዲህ ደልሲን አጥብቀህ ሳምልኝ። ማርቫንና ትንሹን ኦርቪልን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ልጄ ሎርና «አጎቴ ሰላም ይሁን» ብላለች። ቦይሲም የመኪናው ቀለም በአመድ ተልጦ ቆርቆሮ መስሏልና አልቅስልኝ ብሎሃል። አባባ አጠገቤ ተቀምጧል። «ምን ልበልልህ?» ብለው «የማይቆጣኝ ከሆነ፣ እንዴት ነህ ኒራሁ ብሎሃል በይው» አለኝ።

እህትህ ኢስሜይ
ኪንግስታውን፣ ሴንት ቪንሰንት
ኤፕሪል 20 ቀን 1979