አሥራ ዘጠነኛው ፋይል

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ
ቦዬ ስቆፍር ዋልኩ። ወገቤ… ዕድሜ ነው።
ከሰዓት በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቷ አስተማሪ ኢላይሳኔ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ "ጋሼ ኬሌፒ፣ የልጆች እሑድ አንድ ወር ቀረው" አለች። ገባኝ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው፣ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ያጠኑትን በቃላቸው የሚሉበት ቀን ነው። የሚያጠኑትን የምትጽፍላቸው ባለቤቴ ሌሲኤሊ ነበረች፤ ለእያንዳንዱ እንደ ጠባዩ። የዘንድሮውንም ከመሞቷ በፊት ጽፋ ጨርሳለች። ሁሉም ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው።
ኮምፒውተሩን ከኖቬምበር ወዲህ አልነካሁትም። አቧራ ስጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነው።
"ነገ አወጣዋለሁ" አልኳት። ለምን ነገ? ዛሬ ምን ነበረብኝ?

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ
ከፈትኩት። አንዱ መስኮት ሳይዘጋ ሌላው ይከፈታል። ሽልማት ደረሰህ… ራቁቷን የሆነች ሴት… እሷ የልጆች ጸሎት በምትጽፍበት ላይ! የማላውቃቸው ሰዎች ቤቷ ገብተው የተቀመጡ መሰለኝ።
ፌሌቲን ጠራሁት። የሌሲኤሊ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኔያፉ ከተማ ኮምፒውተር ይጠግናል። በረንዳ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩለት።
"አማቼ፣ ይሄ ኮምፒውተር አይደለም፤ ወደብ ላይ ያለ መጠጥ ቤት ነው። ጠባቂ የለውም እንዴ?"
"የምን ጠባቂ?"
"አንቲቫይረስ ነዋ!"
"እጸልይ ነበር።"
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው መሰለኝ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ
ፌሌቲ ሦስት ዓይነት ጠባቂ በፍላሽ ይዞ መጣ። "እየሞከርን አንዱን እንመርጣለን" አለ።
የመጀመሪያው በነጻ የሚገኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈተሸ፣ አሥራ ዘጠኝ የታመመ ፋይል አገኘሁ አለ። ሁሉም የሌሲኤሊ። ከዚያ ሳይጠይቅ፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ይጠፋሉ ብሎ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ… ስምንት… ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።
"አማቼ! እንዲህ አይደረግም!"
"እንዲህ ነው የሚደረገው።"
ሁለተኛውም በነጻ ነው፤ ግን በየደቂቃው "ዋናውን ግዛኝ" ይላል፣ እያንጫረረ። "ይሄ ደላላ ነው" ብሎ ፌሌቲ ራሱ አስወጣው።
ሦስተኛውን ለሐሙስ አቆየነው።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ
ሦስተኛውን መረጥን። በየዓመቱ ይከፈልበታል። ግን ይጠይቃል። ይጽዳ? ተለይቶ ይቆይ? ይጥፋ? እያንዳንዱን ለብቻው። ሳይጠይቅ የሚያጠፋ ነገር ካሁን በኋላ አልፈልግም… በቤቴ ውስጥ ይበቃል።
"ችግሩ" አለ ፌሌቲ፣ "አንዱ በጸዳ ቁጥር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ተርፏል ወይ? ማንበብ ነው።" ይህን ብሎ ብድግ አለ።
"ወዴት?"
"እህቴ ናት። የሷን አላይም።"
አውቃለሁ። እዚህ አገር ወንድም ከእህቱ ነገር በአክብሮት ይርቃል፤ ማናችንም ብንሆን እንደዚያው ነን። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ እሷ በተኛችበት ቤት አድሮ አያውቅም። አንድ ላይ ፊልም አይተው አያውቁም።
"አሁን እኮ የለችም" አልኩት።
"ሞታም እህቴ ናት።"
ወርዶ ማንጎው ሥር ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ከዚያ እየጮኸ ያዝዘኝ ጀመር።
"ምን ይላል?"
"አንድ ይጽዳ ወይ ይላል።"
"ይጽዳ በለው! ከዚያ ክፈተው። ጽሑፉ ደህና ነው?"
"ደህና ነው። የ…"
"ስም አትጥራ! ቁጥር ብቻ!"
ሁለት። ሦስት። ሦስት ላይ ሳቄ አመለጠኝ። የዚያ ቃል የሚውጠው ልጅ ነው፤ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ እያደረገች ጽፋለታለች፣ እንዳያንቀው።
"ምን ያስቅሃል?"
"ቁጥር ሦስት።"
"ቁጥር ያስቃል እንዴ?" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ጥሩ ነው?"
"በጣም ጥሩ ነው ፌሌቲ።"
አልዞረም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።
አሥራ አንድ ላይ ማየት አቃተኝ። ዓይኔን ስጠርግ፣ "ዝም አልክ" አለ። "አሥራ አንድ" አልኩት። "እሺ… ቀስ በል።"
እስከ አሥራ ስምንት ሁሉም ዳኑ። አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ማጽዳት አልተቻለም አለ። ተለይቶ ይቆይ ወይስ ይጥፋ?
ቆጠርኩ። ባለፈው ሜይ የተነሡት ልጆች አሥራ ስምንት ነበሩ፤ ምሳ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ይሄ እንግዲህ የልጅ አይደለም። የማን ነው?
የኔ ነው። ከኔ ሌላ ማን አላት?
"አሥራ ዘጠኝስ?" አለ ፌሌቲ።
"አለቀ" አልኩት። ተለይቶ ይቆይ የሚለውን ተጫንኩ።
ዋሸሁ? …ዋሽቻለሁ።

ኤፕሪል 11፣ ዓርብ
አሥራ ስምንቱን በፍላሽ ለኢላይሳኔ ሰጠሁ። ስለ ሌላው አላነሣሁም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ
ኦክቶበር ላይ፣ ልብስ እያጠፈች፣ "ኬሌፒ፣ ስትቆጣ ለምንድነው ዝም የምትለው?" ብላኝ ነበር። ዝም አልኳት። እሱን ይሆናል የጻፈችው። ወይም የይቅርታ ይሆናል… የማን ይቅርታ? የኔ ነው እንጂ የሚያስፈልገው። ወይም የተከልነው ቫኒላ ሲደርስ ምን እንዳደርግ። የፈለገው ይሁን! ስድብም ይሁን። ብቻ ስሜን ጠርታ።

ኤፕሪል 20፣ ትንሣኤ
ዘመርኩ። አፌ ዘመረ። ልቤ ኮምፒውተሩ ጋ ነበር። ጌታ ሆይ፣ በትንሣኤህ ቀን…

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ
ለፌሌቲ ደወልኩ። "ያ ተለይቶ የሚቆየው… ሰው ቢያስወጣው ምን ይሆናል?"
"ምን ልታደርግ ነው?"
"ለማወቅ ነው።"
"ማጽዳት ካልቻለ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። ባዶ ነው አማቼ። አትነካካው።"
ነካሁት። ጠባቂው ሦስት ጊዜ ከለከለኝ፣ ሦስት ጊዜ እሺ አልኩ። ተከፈተ። ትንንሽ ሳጥኖች፣ የጥያቄ ምልክት፣ ሳጥን። አንድ ፊደል የለም። መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ጠባቂው ነጥቆ መልሶ ቆለፈበት።
አሥራ አራት መስመር ጽፋልኛለች። ይሄንንም ማወቅ ትልቅ ነገር ነው አልኩ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ
ኢላይሳኔ መጣች፣ ደክሟት። "ጋሼ፣ የሂና የለም።"
"የቷ ሂና?"
"የማናሴ ናታ! የጎረቤትዎ ልጅ!"
"እሷ ሕፃን አይደለችም እንዴ? እናቷ ጭን ላይ ነው የምትቀመጠው።"
"አምና! ዘንድሮ አምስት ሞላት። እታለም ሌሲኤሊ ሆስፒታል እያለች አልጋው ላይ አስቀምጣት፣ 'ለሜይ ያንቺም ተጽፏል' ብላታለች። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጅቷ በየቀኑ የኔስ ትለኛለች። ፍላሹ ላይ ጠፍቶ ይሆን?"
ማናሴ ባሕር ሲወጣ፣ ሲመለስ፣ ያቺ ልጅ በየቀኑ በደጄ ታልፋለች። ስታድግ አላየሁም። ሌሲኤሊ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ለሜይ ማን ስንት ዓመት እንደሚሞላው ቆጥራለች።
"አልጠፋም" አልኩ። "ቫይረስ በልቶታል። ካወቅኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ።"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"የኔ መስሎኝ።"
መሬት መሬቱን አየች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።
"ስምንት ቀን ነው የቀረን" አለች። "ማን ይጻፍላት?"
"እኔ" አልኩ። እኔ? ከደብዳቤ ሌላ ምን ጽፌ አውቃለሁ?

ኤፕሪል 28፣ ሰኞ
ማናሴ ቤት ሄድኩ። ሂና የተገለበጠው ጀልባ ጀርባ ተደበቀች። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።
"ምን ትወጃለሽ?"
"ዓሣ።"
"ምን ትፈሪያለሽ?"
ከጀልባው ጀርባ ሆና፣ "ሰው።"
"እኔም" አልኳት።
አንገቷን ብቅ አደረገች። "አንተ ትልቅ አይደለህም እንዴ?"
"ነኝ። ግን እፈራለሁ።"
መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ
ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ። ጌታ ጀልባ ላይ ተኝቶ ማዕበሉ ሲነሣ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ጀልባ ታውቃለች። ዘጠኝ መስመር ሆነልኝ። አሥራ አራት መድረስ አልቻልኩም።
ፌሌቲ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ መዋሸቴንም። ከዚያ በረንዳው ሥር ቆሞ፣ "ይሄኛውን ማየት ይፈቀድልኛል?" አለ።
"የኔ ነው። ና ግባ።"
አነበበው። "'ማዕበል' ሁለት ጊዜ መጥቷል" አለ። አስተካከልኩ። ደግሞ አነበበው። "እሷ ብታየው ትስቅብህ ነበር።"
"አውቃለሁ።"
"ከዚያ ደግሞ ታስቀምጠው ነበር።"

ሜይ 4፣ እሑድ
ሂና አሥራ ዘጠነኛ ሆና ተነሣች። ቀሚሷ ይረዝማታል። ዝም… ዝም… ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እናቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ልታስታውሳት ሞከረች፤ አላየቻትም። እኔን ፈለገችኝ። አየችኝ። ያኔ ጀመረች።
አንድ መስመር ዘለለች። ማንም አላወቀ። ስትቀመጥ አሮጊቶቹ እያለቀሱ "አሜን" አሉ። ኢላይሳኔ ከመድረኩ ሥር ሆና ወደኔ ጎንበስ አለች።
ሌሲኤሊ፣ ዛሬ ናፈቅሽኝ። ከቀብርሽ ቀን ይልቅ።

ሜይ 5፣ ሰኞ
የተለየውን ፋይል አጠፋሁት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ተቀምጬ አየሁት። አዎ አልኩ።
ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቴ ጠረጴዛውን ይነካል። አላስተካከልኩትም።
ትናንት በቤተ ክርስቲያን፣ በየእናቱ ጭን ላይ ያሉትን ቆጠርኩ። ለሚመጣው ሜይ አምስት ዓመት የሚሞላቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ኃይለኛ ነው፣ የሰው ፀጉር ይጎትታል። ለሱ ረጅም ነገር ያስፈልገዋል።
አዲስ ገጽ ከፈትኩ። 20 ብዬ ጻፍኩበት።