የሦስተኛው ፎቅ ተንሸራታች መስኮቶች

ጃንዋሪ 20፣ 1997፣ ሰኞ

«በቤትዎ የታየው ሻጋታ ከመስኮቶቹ እርጅና የመጣ አይደለም። መንስኤው ነዋሪው ቤቱን በአግባቡ አለማናፈሱ ነው። ይህ ከሞቃት አገር በመጡ ነዋሪዎች ዘንድ የተለመደ መሆኑን ከልምድ እናውቃለን። የእርጥበቱ ምክንያት እስኪጣራ ድረስ የእርስዎ መስኮቶች በዘንድሮው የመለወጫ ዕቅድ ውስጥ አይካተቱም።»

ከጀርመንኛው ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከሥራ ስገባ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ከቤቱ አስተዳደር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ከሞቃት አገር… ደብረ ብርሃን ሞቃት አገር ናት? አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ጠዋት ጠዋት ጠመኔው በብርድ ከደነዘዘ ጣቴ ይወድቅ ነበር። ይህን የጻፈችው ሴትዮ አንድ ኅዳር እዚያ ትክረም።

ከላያችን ያሉት ተለውጦላቸዋል። ከታቻችን ያሉትም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ አሮጌ ተንሸራታች መስኮት የቀረን እኛ ብቻ ነን። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሲገፉት የሚያቃስት።

ባለቤቴ የሺወርቅ ዓንደ፣ ምን ይላል አለችኝ። መስኮቱ ይዘገያል ይላል አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። ልትመልስልኝ ስትል ሳል ያዛት።

ጃንዋሪ 21

ከዛሬ ጀምሮ እለካለሁ። ሙቀትና እርጥበት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሠንጠረዥ አስምሬ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በስሜት አይደለም የማነጋግራቸው፣ በቁጥር ነው።

ጃንዋሪ 26፣ እሁድ

አልጋውን ስቤ አየሁ። ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ እስከ ወለሉ ጠቁሯል። ኅዳር ላይ እኮ በበረኪና አጥቤ ቀለም ቀብቼው ነበር። ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ወድቋል። ምንጣፉ ሥር እጄን ሰደድኩ… ረጥቧል።

አላናፍስም? በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ሰዓት ይዤ። እስክዘጋው ድረስ የሺ ጋቢዋን ተከናንባ ኩሽና ትቀመጣለች። ብርድ ትፈራለች። የአገራችን ሰው ማን የማይፈራ አለ? አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። እኔ ግን እከፍታለሁ። ከፍቼም አያናፍስም እባላለሁ።

ልጃችን ዊንታ ከምትማርበት ከማይንትስ ከተማ ደወለች። ደብዳቤውን አነበብኩላት። ለምን ዝም ብላችሁ ሌላ ቤት አትፈልጉም አለችኝ፣ በጀርመንኛ። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በጀርመንኛ ትመልሳለች። ለምን እፈልጋለሁ? የእነሱ ጥፋት፣ የእኔ ስደት? አንድ ጊዜ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል።

ጃንዋሪ 31

ደወልኩላቸው። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ ደብዳቤውን የጻፈችው ሴትዮ መስመሩ ላይ መጣች። ቁጥሮቼን ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጠችኝ፤ ፌብሩዋሪ 18 ቴክኒሺያን ይመጣል። እስከዚያው መስኮት መክፈት አይርሱ አለች። እንደ ሕፃን።

ፌብሩዋሪ 4

ትናንት የሺን ሆስፒታል ወሰድኳት። ደረጃውን ወርዳ መጨረስ አቃታት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለች። የከንፈሯ ቀለም ተለወጠብኝ…

ሐኪሙ ጀርባዋን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ቤት ውስጥ ሻጋታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ መተኛት የለባትም፣ ሌላ ክረምት አትችለውም አለ። አስተኟት።

አጠገቧ ተቀምጬ ለአስተዳደሩ የምጽፈውን በልቤ ሳረቅቅ ነበር። እጄን ይዛኛለች። ምን ታስባለህ አለችኝ። ምንም አልኳት። ፊቷን ማየት ሲገባኝ እኔ ዓረፍተ ነገር እመርጣለሁ።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ሙሐመድጣሂር መጣ። ከረን ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ እዚህ ፌኸንሃይም ሰፈር መስኮት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው። መስኮቶቹ ያረጁ መሆናቸውን በባለሙያ ቃል እንዲጽፍልኝ ነው የጠራሁት።

ሠንጠረዦቹን ሲያይ ሳቀ። «መምህር፣ ፈተናው መቼ ነው?» አለኝ። ሻይ ጠጣ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ ተንሸራታቹን አንዴ ሽቅብ አነሳና ከሐዲዱ አወጣው፤ እኔ ለሁለት ሰው የሚከብድ ይመስለኝ ነበር። ሐዲዱን በጣቱ ዳበሰ። ጣቱ ቆመ።

«ይህን ማን ደፈነው?»

«እኔ።» በኩራት ነው ያልኩት። አሁን ስጽፈው ያመኛል።

«ለምን?»

«ንፋስ ያስገባ ነበራ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «መምህር… ይህ እኮ የውሃ መውረጃ ነው። ዝናቡም፣ መስታወቱ የሚያልበውም ሐዲዱ ውስጥ ይጠራቀምና በዚህ ወደ ውጭ ይወጣል። አንተ መውጫውን ዘጋህበት። ውሃ ደግሞ ቆሞ አይለምንም።»

አላመንኩም። ኩሽና ሄዶ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣና ሐዲዱ ላይ አፈሰሰ። ቆመን አየን። ውሃው ቆየ… ቆየ… ከዚያ በማዕዘኑ በኩል ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው ገባ። ጥቁሩ ላይ አዲስ እርጥብ መስመር ወረደ።

ሊያጽናናኝ ሞከረ። እሱም ፋብሪካ የገባ ሰሞን ቀዳዳ ያለውን ፍሬም ሁሉ ብልሽት መስሎት ለይቶ ደርድሮ፣ አለቃው ሠራተኛውን ጠርቶ እንዳሳቀበት አጫወተኝ። እኛ ያገራችን ሰዎች ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ስናይ ጨርቅ ነው የምንፈልገው አለ። እሱ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

ምስክርነቱን አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሳውም።

ፌብሩዋሪ 9

ስምንት ቀዳዳ። ሰባት ክረምት።

ፌብሩዋሪ 10

ኦክቶበር 1990 ነበር። የሺ የሳንባ ምች ታማ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ንፋሱ ከየት እንደሚገባ በሻማ ፈለግሁ፤ ነበልባሉ የሚያጋድልበትን እያየሁ፣ ለተማሪዎቼ እንደማሳየው። አራት መኝታ ቤት፣ አራት ሳሎን። ነጭ ሲሊኮን ማሸጊያ ሞላሁባቸው፣ በእርጥብ ጣት አለሰለስኩት። ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር። እንዲያ የተጠነቀቅኩት ለሳንባዋ ነው።

ለሳንባዋ…

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ሲሊኮኑን ፋቅሁት። በቢላ ጫፍ፣ ከዚያ በመርፌ፣ ከዚያ በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ። አልላቀቅ ብሎ አስቸገረኝ፣ ሥራዬ ጥሩ ነበር። ፍርፋሪውን በዳቦ ወረቀት ጠቅልዬ ወጣሁ። ግቢያችን ቆሻሻ ውስጥ አልጣልኩትም። ትራም ፌርማታው ጋ ጣልኩት። ማን ሊያየኝ?

ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ ወረቀቱን ፊቱ የምቀድ ሰው ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ 18

ቴክኒሺያኑ በሰዓቱ መጣ። ትሑት ሰው። ጫማውን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐዲዱን በባትሪ አየ፣ ፍሬሙን ለካ። ተጣሟል፣ አርጅቷል፣ መለወጥ አለበት አለ። ሠንጠረዦቼን አገላብጦ አነበበና እንዲህ የሚጠነቀቅ ነዋሪ አላጋጠመኝም አለ። ጨበጠኝ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቡና ይጠጣሉ ወይ አልኩት።

ፌብሩዋሪ 24

ደብዳቤ መጣ። ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ማርች 11 ሁሉም ይለወጣል።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ወጥ አሙቄ ሳልቀምሰው መልሼ ከደንኩት።

ፌብሩዋሪ 25

ደብዳቤውን ለየሺ ይዤላት ሄድኩ። ደስ ይላታል ብዬ? ወይስ ለራሴ? መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበች። አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ቀዳዳዎቹን ነገርካቸው?» አለች።

የትኞቹን ቀዳዳዎች አልኳት። ሰነፍ ተማሪ ጥያቄውን ደግሞ እንደሚጠይቀው።

«ሻማውን የያዝኩልህ እኔ አይደለሁ? የሠራው ሰው በከንቱ አልበሳውም፣ ተው ብዬህ ነበር። ጀርመንም ይሳሳታል፣ አንቺ ሻማውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ አልከኝ።»

ብላኛለች። አሁን ድምጿ ሁሉ ትዝ አለኝ። ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ሦስቴ አንስታው እንደነበር፣ ፊዚክስ እንዳስተማርኳት፣ ኋላ ዝምታ እንደቀለላት ነገረችኝ። ያለ ቁጣ።

መፋቄንም ነገርኳት። የባሰው እሱ ሆነ።

«ሳንባዬን ይቅር ብዬሃለሁ፣ አላወቅክም። የፋቅኸው ግን አውቀህ ነው፣ ዓንደ።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ነርሷ እስክታስወጣኝ ጀርባዋን አየሁ።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ከሆስፒታል ወጣች። ወደ ቤት አይደለም። ታናሽ እህቷ የወርቅውሃ መጥታ ሪደርቫልድ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ፣ እዚህ መተኛት አትችልም። ግን ስንብቷ የሐኪም ትእዛዝ አይመስልም ነበር። የክረምቱንም የበጋውንም ልብስ ላክልኝ አለች።

ማርች 2

ሳጥኑን ከፍቼ ልብሷን ለየሁ። ቀሚሶቿ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። ሁሉንም አጠብኩ። ሁለት ጊዜ።

ማርች 11

ሦስት ሰዎች መጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱ። አሮጌዎቹን በደረጃው አውርደው መኪና ላይ ወረወሯቸው፤ መስታወቱ ሲሰበር ወደ ታች አላየሁም።

አዲሶቹ ነጭ ናቸው። ወደ ውስጥ ይከፈታሉ፣ ከላይ ዘንበል ይላሉ። ከውጭ ይገባ የነበረው የባቡር ድምፅ ጠፋ። ቤቱ ድምፅ የለውም። ግድግዳው ተፍቆ አዲስ ልስን ተለስኗል፤ ሁለት ሳምንት ይድረቅ ብለዋል።

ይደርቃል። ማን ሊተኛበት?

ማርች 16፣ እሁድ

ሪደርቫልድ ሄድኩ። የወርቅውሃ ከፈተችልኝ። ግቡ ጋሼ አለች፣ ዓይኔን ግን አላየችም። የሺ ራሷ ሻይ ይዛ ከኩሽና መጣች። ሳሏ ቀንሷል። ሰሃኑን ሳታስቀምጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ ትንፋሽ ሳያጥራት። ከዓመት ወዲህ አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተከፋሁ። ያለ እኔ ነው የተነፈሰችው።

መስኮቱ ተለውጧል፣ ልስኑ ሲደርቅ ነይ አልኳት።

የመስኮቱ ነገር አይደለም አለች። ሻይዬን አማሰለችልኝ፣ ስኳሬን እስከ ዛሬ ራሷ ነች የምትጨምረው።

«ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር ተሳስቻለሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ለእኔ አትበለኝ። ለእኔ ብትል ነገ ትክደዋለህ፣ ምክንያት ትደረድርበታለህ። ለእነሱ ጻፍ። ደርሶናል ያሉበትን ወረቀት አምጣ፣ ያን ዕለት ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ቤቱን ቢቀሙንስ አልኳት። ለማስረጃ ማጥፋት ሕግ አላቸው፣ ያስወጡናል፣ በዚህ ዕድሜ የት እንገባለን?

«ያስወጡን» አለች። «በአንድ ላይ እንወጣለን።»

የወርቅውሃ ከኩሽና ሆና ጋሼ ሻዩ ቀዘቀዘ አለችኝ። ጠጣሁት። ቀዝቅዞ ነበር።

ማርች 17፣ ሰኞ

ከሥራ ቀረሁ። ስድስት ጊዜ ጻፍኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ልቤ በጀርመንኛ ሲደበቅብኝ።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ ስለ «ሞቃት አገር» አንድ አንቀጽ ነበረ። ይሰረዝ፣ ይቅርታ ይጠየቅበት የሚል። ልክ ነኝ፣ ዛሬም ያናድደኛል። ጥፋቴ አለማናፈስ አልነበረም፣ እሱንም በቁጥር ማሳየት እችላለሁ። ግን ያ አንቀጽ ካለ ደብዳቤው ክርክር ነው። የሺ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ታውቀኛለች። ደግሞስ… ንፋሱን ማን ነው የፈራው? እሷ ነበረች ብዬ ነው የኖርኩት። ሻማ አስይዤያት የዞርኩት እኔ ነኝ።

በስድስተኛው ላይ አወጣሁት። ጥርሴን እንደ መንቀል ነበር።

የሚላከው ይህ ነው፦

«በጃንዋሪ ወር በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ መነሻነት፤ በመስኮቶቹ ሐዲድ ላይ የነበሩትን ስምንት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በኦክቶበር 1990 በሲሊኮን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ እንዳልደፍናቸው ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም። ውሃው ወደ ግድግዳው የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ቴክኒሺያናችሁ ከመምጣቱ ከሦስት ቀን በፊት ሲሊኮኑን ፍቄ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ቴክኒሺያኑ አልተሳሳተም፣ እኔ አሳሳትኩት። በፌብሩዋሪ 24 የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አይገባኝም፣ እመልሳለሁ። ተሳስቻለሁ።

ይህ ቃሌ እንደደረሳችሁና ጥፋቱ የእኔ መሆኑ በመዝገባችሁ እንደሰፈረ፣ እስከ ዓርብ፣ ኤፕሪል 4፣ 1997 ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እንድታረጋግጡልኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።»