ሹፌሩ መቼ ተኛ?

ይድረስ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ለአባቴ ለዳውድ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበትዎስ ተሻለው? እማዬስ ስኳሯን እየተለካች ነው ወይስ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ» እያለች ትሸውዳችኋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። የሰመራን ሙቀት ግን አይጠይቁኝ።

አባዬ፣ የመምህርነት ውሌ ታደሰ! እፎይ! ባለፈው በጨዋታ እንደማስተምር በስልክ ስነግርዎ «ያስተማርኩሽ ለጨዋታ ነው እንዴ?» ብለው ሲቆጡኝ እኔም ፈርቼ ነበር። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ቢሰጥ ክፍሌን አይተው ሊወስኑ ነበር፤ ካልወደዱት ጓዜን ጠቅልዬ መምጣቴ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። የሎጂስቲክስ፣ የነርስና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን ቀላቅዬ በቡድን እከፍላቸዋለሁ። ወለሉ ላይ ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዋሽ መንገዱን በጠመኔ ስዬዋለሁ። እያንዳንዱ ቡድን ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ አለው፤ ዕጣ እያወጣ ይጓዛል፦ ጎማ ፈነዳ፣ ኬላ ላይ ተሰለፍክ፣ ግመሎች መንገድ ዘጉ። ሁለት ምልልስ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

ዲኑ የመጡ ቀን ጩኸቱ ጣራ ነካ። «ይሄ ክፍል ነው መናኸሪያ?» ብለው ኋላ ተቀመጡ። አንደኛው ቡድን ጨርሶ ሲጨፍር፣ ኑሀሚን የምትባል የነርስ ተማሪ ከዚያው ከአሸናፊዎቹ መሀል ተነሥታ «ቆይ፣ ሹፌሩ መቼ ተኛ?» አለች። ጎማውን አስቤያለሁ፣ ናፍጣውን አስቤያለሁ፣ እንቅልፍ የሚባል ዕጣ ግን አላስገባሁም። እኔ! የሹፌር ልጅ!

አለቀልኝ ስል ተማሪዎቹ ራሳቸው ጨዋታውን አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። ነርሶቹ ሰው ስንት ሰዓት ነቅቶ መንዳት እንደሚችል ያሰላሉ፤ የእንስሳት ሐኪሞቹ መንጋው አመሻሽ ላይ መንገዱን ስለሚሞላው ሹፌሩ ያኔ አዳይቱ ከተማ ላይ ይረፍ ይላሉ፤ ሎጂስቲክሶቹ ሰዓቱን ያስተካክላሉ። ክፍለ ጊዜው ቢያልቅም የሚወጣ ጠፋ። ዲኑም «በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱም ትምህርት ክፍሎች በሙሉ ይግቡበት» ብለው ሰኞ ዕለት ውሌን ፈረሙ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ልጅ ሆኜ፣ ለአረፋ ሳይደርሱ ቀርተው በማግስቱ ሲመጡ አኩርፌ ጀርባዬን እሰጥዎ ነበር። ለምን ዘገዩ አልኩ እንጂ መቼ ተኙ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። አውፍ ይበሉኝ አባዬ።

ለእማዬ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ዱዓዋ አይለየኝ። እህቴ ሙጂባ ለፈተናዋ ትበርታ። ለጎረቤታችን ለእትዬ አስረሳሽም ሰላም ይበሉልኝ። ወንድሜ ኡበይዳ ደግሞ የእርስዎን መሪ ከጨበጠ ወዲህ በሰመራ ባለፈ ቁጥር «ቸኩያለሁ» እያለ ክላክስ ብቻ አድርጎልኝ ነው የሚሄደው። ከእንግዲህ እኔ ቤት ሳይተኛ አያልፍም ብላለች ይበሉት። ፍራሹ ተነጥፏል።

ልጅዎ ሀምዳ ዳውድ
ሰመራ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.